«ሆን ብዬ አይደለም»፦ የአንባቢዎች የሕግ ጥያቄዎች ከድሬና ከሐረር

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የወንጀል ጉዳይ ናቸው። የኪራይና የውርስ ጥያቄ የላካችሁ አትቀየሙ፣ ለሚቀጥለው እትም አቆይቻቸዋለሁ። እንደተለመደው ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያለሁ። ላኪውን የሚያሳውቅ ነገርም አውጥቻለሁ።

ሁሉም ጠያቂ ማለት ይቻላል አንድ መከራከሪያ ይዞ ነው የመጣው፤ አላሰብኩም፣ ሆን ብዬ አይደለም። ጥሩ መከራከሪያ ነው፣ አንዳንዴ። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕጋችን አንድን ሰው ጥፋተኛ ለማለት ሦስት ነገር አንድ ላይ ይፈልጋል። ድርጊቱን የሚከለክል ሕግ፣ ድርጊቱ ራሱ፣ ከዚያ ደግሞ የአድራጊው የሐሳብ ሁኔታ። አንቀጽ 23 ነው። አንዱ ከጎደለ ወንጀል የለም። ግን «አላሰብኩም» ያለ ሁሉ ነፃ ይወጣል ማለት አይደለም፤ ዳኛ የሰው ልብ ከፍቶ አያይም፣ የሚያየው እጅህ ምን እንደሠራና በዚያ ሰዓት ምን ታውቅ እንደነበር ነው። በሉ ወደ ጥያቄዎቹ።

«ሰላም። ሳቢያን አካባቢ ባጃጅ ነው የምሠራው። በቀደም ከቆመ አይሱዙ ኋላ አንድ ልጅ ድንገት ወጣና ገጨሁት። እግሩ ተሰብሯል። ወዲያው አንስቼ ሐኪም ቤት ወሰድኩት፣ አላመለጥኩም። ሰው የመጉዳት ሐሳብ እንደሌለኝ አላህ ያውቃል። እውነቱን ለመናገር ፍሬኑ ትንሽ ይከዳኝ ነበር፣ ሳምንቱን ሙሉ ላሠራው ላሠራው እያልኩ ነው። ታዲያ ሐሳብ ከሌለኝ ምኑ ነው ወንጀሉ?» — የባጃጁ ልጅ፣ ድሬዳዋ

አቦ፣ ልጁን አንስተህ መውሰድህ መልካም ነው። ገጭቶ ጥሎ መሄድ ሌላ ጣጣ ነበር የሚጨምርብህ።

«ሐሳብ የለኝም» ስትል ልጁን መጉዳት አልፈለግኩም ማለትህ ነው። ልክ ነህ፣ ፖሊስም ፈልገህ ገጨኸው አላለህም። ግን ሕጉ ላይ በመፈለግና በንጹሕነት መሃል ሰፊ ቦታ አለ። ጫፍ ላይ ያለው ውጤቱን ፈልጎ የሚያደርግ ሰው ነው። ከሱ ቀጥሎ ውጤቱን ለይቶ ባይፈልገውም ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የሚገባበት አለ፤ ለምሳሌ ከፊራ ገበያ ሰው ጢም ባለበት ሰዓት ተናድዶ ባጃጁን እያበረረ መሃል ለመሃል የሚሰነጥቅ። አንቀጽ 58 ሁለቱንም አስበው ያደረጉ ይላቸዋል። ሁለተኛውን ስነግራቸው ብዙ ደንበኞቼ ይደነግጣሉ። ከዚያ ቸልተኝነት ይመጣል፣ አንቀጽ 59። እሱም ሁለት መልክ አለው። አንዱ አደጋ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ «ግዴለም፣ እኔ እችለዋለሁ» ብሎ የሚተማመን ነው። ሌላው ጭራሽ አልታሰበውም፣ ነገር ግን ሊያስብበት ይገባው ነበር፣ ይችልም ነበር። ከዚህ ሁሉ ውጭ ያለው ድንገተኛ አደጋ ነው። ጥፋት የሌለበት ሰው አይቀጣም፣ አንቀጽ 57 በግልጽ ይላል።

ልጅ ከቆመ መኪና ኋላ ድንገት ወጣ። ታሪኩ ይሄ ብቻ ቢሆን ጠበቃህ አንቀጽ 57ን ይዞ ደህና አድርጎ ይከራከር ነበር። ጉዱ ያለው ፍሬኑ ላይ ነው። ታውቃለህ፣ ሳምንት ሙሉ ታውቃለህ፣ ግን እስካሁን ምንም አልደረሰም፣ ነገም አይደርስም እያልክ ሠርተሃል። ይሄ የቸልተኝነት የመጀመሪያው መልክ ነው። እርግጥ ቸልተኝነት የሚያስቀጣው ሕጉ ለዚያ ወንጀል በግልጽ ሲጠቅሰው ብቻ ነው። ሰው መግደልና አካል ማጉደል ላይ ግን ጠቅሶታል፣ ስለዚህ በዚያ በኩል መውጫ የለህም።

ቢሆንም ተስፋ አትቁረጥ። ፍሬኑ ደካማ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፣ ለአደጋው ምክንያት መሆን አለበት። ልጁ ሲወጣ ስንት ሜትር ላይ ነበርክ? በምን ፍጥነት? ፍሬኑ ደህና ቢሆን ኖሮ በዚያ ርቀት ይቆምልህ ነበር ወይ? አፍንጫህ ሥር ከወጣብህ አዲስ ፍሬንም አያቆመውም። ትራፊክ ፖሊስ ያነሳውን ፕላንና የተሽከርካሪውን የቴክኒክ ምርመራ ውጤት ጠበቃህ አገላብጦ ይይ፤ ያንተ ጉዳይ የሚወሰነው «አላሰብኩም» በሚለው ላይ ሳይሆን እነዚያ ወረቀቶች ላይ ነው።

ሌሎች ሹፌሮችም ስለምታነቡ ቅጣቱን ልንገራችሁ። በቸልተኝነት ሰው ከሞተ በአንቀጽ 543 መሠረት ለማንኛውም ሰው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። እንደ ሐኪምና እንደ ሹፌር የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሲሆን ግን ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል፣ መቀጮም ይጨመርበታል። ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ ጥሶ ወይም ጠጥቶ ነድቶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ወደ ጽኑ እስራት ይገባል፣ መነሻውም 5 ዓመት ነው። ያንተ የአካል ጉዳት ስለሆነ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ልጁን መጠየቅህን፣ ማሳከምህን አታቋርጥ። ከልብ መጸጸትና ተጎጂውን መርዳት ቅጣት ማቅለያ ነው፣ አንቀጽ 82 ላይ ተጽፏል። የሕክምናውን ደረሰኝ አስቀምጥ። የሦስተኛ ወገን መድንህ ያላለፈበት መሆኑንም ዛሬውኑ አረጋግጥ። ፍሬኑን እንዳሠራኸው ተስፋ አለኝ።

«ወንድሜ መጋላ ሱቅ አለው። እዚያው ነው የሚያድረው። ሌሊት ሁለት ሌቦች ቆርቆሮውን ገንጥለው ገቡ። አንዱ ቢላ ይዟል። ወንድሜ በበሩ ብረት እጁን መታውና ቢላው ወደቀ። ሌቦቹ ሮጡ። ወንድሜ ተከትሎ ወጣና ቢላ የነበረውን ልጅ መንገድ ላይ ደርሶበት ጭንቅላቱን ደገመው። ልጁ ሆስፒታል ነው፣ እስካሁን አልነቃም። አሁን ወንድሜ በግድያ ሙከራ ታስሯል። ሰው የገዛ ነፍሱንና ንብረቱን ስለተከላከለ ይታሰራል? ጎረቤቶች ደግሞ "ጭራሽ አልመታሁም በል፣ ሲሮጥ ወድቆ ነው በል" ይሉታል። ግራ ገብቶኛል።» — እህቱ፣ ድሬዳዋ

እህቴ፣ አይዞሽ። ከጎረቤቶቹ ምክር ልጀምር፣ ምክንያቱም ወንድምሽን ሊጎዳው የሚችለው ከሁሉ በላይ እሱ ነው። «አልመታሁም» ካለ በኋላ «የመታሁት ራሴን ለመከላከል ነው» ሊል አይችልም። ወይ መትቷል ወይ አልመታም። ቃሉ ፖሊስ ጣቢያ በአንድ መልክ፣ ፍርድ ቤት በሌላ መልክ ከሆነ ዳኞቹ እውነተኛውንም ክፍል አያምኑትም። ዝም ማለት ግን ይችላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ይፈቅድለታል፣ ፖሊስም ይህን ሊነግረው ይገባል። ጠበቃ እስኪያገኝ ዝም ማለት ሐሰት ከመናገር እጅግ ይሻላል። በተያዘ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረቡንም አጣሪ። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ድሬዳዋ ላይ የሚያዩት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ናቸው። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለው ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብለት ይጠይቅ።

አሁን ወደ ሌሊቱ። ሁለት ምት አለ፣ ለየብቻ ነው የሚታዩት።

የመጀመሪያው ሱቁ ውስጥ ነው። ቢላ የያዘ ሰው ሌሊት ሰብሮ ገብቷል። አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከል የሚለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆን አለበት፤ ነው። እየደረሰ ያለ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ ነው። በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል መሆን አለበት፤ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ወዴት ይሸሻል? የመከላከሉ መጠንም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት፤ ቢላ ለያዘ እጅ የብረት ምት ብዙ ነው የሚል ዳኛ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህኛው ምት ብዙ አልሰጋም።

ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው። እዚህ ዐቃቤ ሕግ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ የትኛው ጥቃት? ቢላው ወድቋል፣ ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ እየሮጠ ነው። መሮጥ የጀመረ ሌባን ተከትሎ መያዝ ራሱ ክልክል አይደለም፣ እንዲያውም በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ማንም ግለሰብ ይዞ ለፖሊስ ማስረከብ ይችላል። ወንድምሽ እግሩን ጠልፎ ቢጥለው ወይም ጨምድዶ ቢይዘው ዛሬ ይህን ደብዳቤ አትጽፊም ነበር። ጭንቅላት ላይ በብረት መምታት ግን ለመያዝ ነው ማለት ይከብዳል።

ታዲያ አለቀለት ማለት ነው? አይደለም። ጠበቃው የሚይዛቸው ሁለት ሦስት ገመዶች አሉ። አንዱ አንቀጽ 79 ነው፣ ከመከላከል መጠን ማለፍ። በመከላከል ላይ የነበረ ሰው ልክ ካለፈ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያለ ገደብ ሊያቀል ይችላል። ያለፈው በጥቃቱ ምክንያት በመጣበት ፍርሃት፣ ድንጋጤ ወይም መረበሽ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ላይቀጣው ይችላል። ለዚህ ግን ሁለቱ ምቶች የአንድ ነገር ተከታታይ መሆናቸው መታየት አለበት። ስንት ሴኮንድ ነበር በመሃላቸው? ከሱቁ በር ስንት እርምጃ? ጨለማ ነበር? ሁለተኛው ሌባ የት ነበር፣ ተመልሶ ሊመጣ ይችል ነበር? አሥር እርምጃ ላይ እየተንቀጠቀጠ የመታና ሦስት መንገድ አሳድዶ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ የመታ ሰው አንድ አይደሉም። የኋለኛው በቀል ነው፣ በቀል ደግሞ መከላከል ውስጥ አይገባም።

ሌላው ገመድ ቢላው መውደቁን ወንድምሽ አይቷል ወይ የሚለው ነው። ካላየ፣ በጨለማ ውስጥ ልጁ አሁንም ቢላ ይዟል ብሎ ካመነ፣ የሚዳኘው እሱ በመሰለው ሁኔታ ነው። ስለዚህ ወደ ታች ስመጣ የሐረሩ አባት ጥያቄ ላይ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው የክሱ ዓይነት ነው። ሙከራ ያለ ሐሳብ የለም። በቸልተኝነት የሚደረግ የግድያ ሙከራ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ ወንድምሽ ልጁን ሊገድለው ፈልጎ ነበር ወይም «ቢሞትም ይሙት» ብሎ ነው የመታው የሚለውን ማስረዳት አለበት። የማስረዳት ሸክሙ የሱ ነው፣ ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል። እንዴት ነው የሚያስረዳው? በምን እንደተመታ፣ የት እንደተመታ፣ ስንት ጊዜ እንደተመታ፣ ከመታው በኋላ ቆመ ወይስ ቀጠለ፣ ሲመታ ምን ይል ነበር። ጎረቤት «ዛሬስ አልምርህም!» ሲል ሰማሁ ብሎ ከመሰከረ ነገሩ ይከብዳል። አንዴ መትቶ ደንግጦ ብረቱን ጥሎ «ሰው ጥሩልኝ» ካለ ደግሞ ተቃራኒው ነው። መግደል አስቦ እንዳልሆነ ፍርድ ቤቱ ካመነ ክሱ ወደ አካል ጉዳት ይወርዳል።

ይህ ሁሉ ዝርዝር ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር ልንገርሽ። ልጁ ይዳን እንጂ፣ ካልዳነ በአንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ከመከላከል መጠን በማለፍ የተፈጸመ ሆኖ ከተገኘ ግን አንቀጽ 541 አለ፣ እሱ ከ5 ዓመት ያልበለጠ ቀላል እስራት ነው። ልዩነቱ ያለው እነዚያ ጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትይ የተገነጠለውን ቆርቆሮ ፎቶ አንሺ፣ ቢላውን ፖሊስ መዝግቦት እንደሆነ ጠይቂ፣ ከበሩ እስከ ወደቀበት ያለውን ርቀት ጠበቃው ሄዶ ይይ። «ካድ» የሚሉትን ጎረቤቶች ደግሞ ያዩትን ብቻ እንዲመሰክሩ ለምኚያቸው።

በነገራችን ላይ «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ከየሱቁ እየወጣችሁ አንድ ሁለት የምታቀምሱ ሰዎች፣ ይሄ እናንተንም ይመለከታል። የተያዘ ሌባ ጥቃት እያደረሰ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚያርፍበት ቡጢ ሁሉ ባለቤት አለው።

«ከመንገድ ላይ ከአንድ ልጅ ስልክ ገዛሁ። አዲስ ቢሆን 40 ሺህ ብር የሚያወጣ ነው፣ በ9 ሺህ ሰጠኝ። ካርቶንም ደረሰኝም የለውም። በነጋታው ሴትዮ ደወለችና "ስልኩ የኔ ነው፣ ተሰርቄ ነው" አለችኝ። ፈራሁና ሲሙን አውጥቼ ጣልኩት። አሁን ፖሊስ ጠርቶኛል። እኔ አልሰረቅኩ፣ ምን አገባኝ?» — ዩኒቨርሲቲ ተማሪ

ለስርቆት አይደለም የሚጠሩሽ። የተሰረቀ ዕቃ መሸሸግ የሚባል ወንጀል አለ፣ አንቀጽ 682። ሕጉ «አውቀሽ» ብቻ አላለም፣ የወንጀል ፍሬ መሆኑን መገመት የምትችይ ከነበርሽም ይይዝሻል። የ40 ሺህ ስልክ በ9 ሺህ፣ ያለ ካርቶን፣ ያለ ደረሰኝ፣ ከማታውቂው ልጅ፣ መንገድ ላይ። ምን መሰለሽ ታዲያ?

እስከዚያ ድረስ እንኳ «ተማሪ ነኝ፣ ርካሽ አገኘሁ ብዬ ነው» ማለት ይቻል ነበር። ሴትዮዋ ከደወለች በኋላ ግን መገመት የሚባል ነገር አበቃ፣ አወቅሽ። ሲሙን መጣልሽ ደግሞ ማወቅሽን ያረጋግጣል። ስልኩን ይዘሽ ሂጂ፣ መልሺ፣ ከማን እንደገዛሽ ተናገሪ። ሻጩን የሚያሳይ መልእክት ወይም የባንክ ዝውውር ካለሽ አታጥፊው።

«የተከበርክ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ዕድሜዬ ከሰባ አልፏል። ሐረር ከግንቡ ውጭ ነው ቤቴ። ፍየሎች አሉኝ። ሌሊት ፍየሎቹ ሲጮኹ ወጣሁ። አጥሩ ሥር የሚንቀሳቀስ ጥቁር ነገር አየሁና ጅብ ነው ብዬ ድንጋይ ወረወርኩ። ለካ የጎረቤት ልጅ ነው፣ አጎንብሶ ስልክ ሲያወራ። ሁለት ጥርሱ ወለቀ። አባቱ ከስሷል። ልጁን እንደ ልጄ ነው የማየው፣ ሆን ብዬ እንዳላደረግኩት ምን ብዬ ላስረዳ?» — ከሐረር

አባባ፣ መቼም የሐረር ሰው ጅብ ያበላል እንጂ በድንጋይ ሲያባርር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፣ ግንቡ እንኳ ለጅብ መግቢያ ቀዳዳ አለው። ግን ፍየል ያለው ሰው ሌላ ነው፣ እረዳዎታለሁ።

የእርስዎ ጉዳይ አንቀጽ 80 ላይ ነው፣ በፍሬ ነገር መሳሳት ይሉታል። አንድ ሰው እውነተኛውን ሁኔታ ተሳስቶ ካደረገ የሚዳኘው እሱ በመሰለው ሁኔታ ነው። እርስዎ ሰው ላይ መወርወርዎን አያውቁም። ስለዚህ አስቦ አካል ማጉደል የሚል ክስ አይቆምም፣ ለጅብ የተወረወረ ድንጋይ ሰው የመጉዳት ሐሳብ አይሆንም። እዚህ ላይ ግን ሕጉ አንድ ጥያቄ ይጨምራል። በእርስዎ ቦታ ያለ ጥንቁቅ ሰው ስህተቱን ሊያስቀረው ይችል ነበር ወይ? ባትሪ ነበረዎት? «ማነው?» ብለው ጠርተዋል? አጥሩ ሥር ሰው የሚቆምበት ልማድ አለ? ማስቀረት ይችሉ ከነበር ቸልተኝነቱ ይቀራል፣ እሱም በአካል ጉዳት ላይ ያስቀጣል፣ በጣም ቀለል ብሎ።

ለማስረዳትም ያን ያህል አይቸገሩም። ሌሊት መሆኑ፣ ፍየሎቹ መጮኻቸው፣ ጅብ በዚያ በኩል ማለፉ፣ ከልጁ ቤተሰብ ጋር ጠብ የሌለዎት መሆኑ፣ ሁሉም በጎረቤት ይመሰከራል። ዓይንዎ ደክሞ ከሆነ የሐኪም ወረቀት ያቅርቡ። ሽማግሌ ልከው ጥርሱን ያስተክሉለት፣ ለእርቁም ለቅጣቱም ይረዳል።

ይሄ መከራከሪያ ግን የማይሠራበት ቦታ አለ፣ ሌሎች እንዳትሳሳቱ። ከበደን ልመታ ብዬ በጨለማ አህመድን መታሁ የሚል ሰው ሰው መምታት ፈልጎ ሰው መትቷል። የማንነት ስህተት አያድነውም፣ ያው አንቀጽ 80 ነው የሚለው።

«ጓደኛዬ መርቅኖ፣ ከዚያ በጨብሲ ሰክሮ፣ በብርጭቆ ሰው ፈነከተ። ምንም አላስታውስም ይላል። ራሱን ስላላወቀ ነፃ ይወጣል?» — ከዚራ

አይወጣም። ምርቃና ሰውን ያስወራል እንጂ ራሱን አያስረሳም። መጠጡም ቢሆን ማግስቱን አለማስታወስና በዚያ ሰዓት የሚያደርገውን አለማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሕጉ የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው። በአንቀጽ 48 ከኃላፊነት ነፃ የሚሆነው በሕመም ወይም በመሳሰለው ምክንያት የድርጊቱን ምንነትና ውጤት መረዳት፣ ወይም ራሱን መግታት ያልቻለ ሰው ነው።

ቢባል ቢባል እንኳ ራሱን ስቶ ነበር ቢባል አንቀጽ 50 ይጠብቀዋል። ለድፍረት ብሎ ጠጥቶ ከሆነ እንዳልጠጣ ነው የሚቀጣው። ሲጠጣ እንደሚደባደብ እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው ጠጥቶ ከሆነ በቸልተኝነት ይጠየቃል። ጓደኛህ ከዚህ በፊትም በመጠጥ ተጣልቶ ያውቃል አይደል? ገመትኩ። የእውነት የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ግን ሌላ ነው፤ ቤተሰብ የሕክምና ማስረጃውን ከመጀመሪያው ቀን ያቅርብ፣ ጥርጣሬ ሲኖር ፍርድ ቤቱ በሐኪም እንዲመረመር ያዛል።

«የ14 ዓመት ወንድሜ ብስክሌት ሰርቆ ተያዘ። እስር ቤት ይገባል?» — ለገሀሬ

ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ላለው ለአዋቂ የተደነገገው ቅጣት አይሠራም፣ እንደ ክትትል፣ ተግሣጽና ጠባይ ማረሚያ ያሉ ልዩ እርምጃዎች አሉ። ከአዋቂ እስረኞች ጋር መቀላቀልም የለበትም። ከ15 በላይ፣ ከ18 በታች ያለው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፣ ፍርድ ቤቱ ግን ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። የሚቆጠረው ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን ዕድሜ ነው። የልደት ካርዱን ወይም የክትባት ካርዱን ዛሬ ይዘህ ሂድ፣ ረዘም ያለ ልጅ ከሆነ በዓይን ገምተው 16 ሊሉት ይችላሉ።

«ከጅግጅጋ ስመጣ ኬላ ልንደርስ ስንል ረዳቱ ለተሳፋሪው ሁሉ ልብስ ያለበት ፌስታል አደለ። "እህቴ፣ ከጠየቁሽ የኔ ነው በይ፣ ሁሉም ሰው ነው የሚይዘው" አለኝ። ፈታሹ ሲጠይቀኝ የኔ ነው አልኩ። ተያዝኩ። ወንጀል መሆኑን በፍጹም አላወቅኩም። አለማወቅ ይቅር አይባልም?» — አንዲት እናት፣ ድሬዳዋ

እትዬ፣ ሁለት ዓይነት አለማወቅ አለ፣ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ልብ ይበሉ። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ቀረጥ ያልተከፈለበት የንግድ ዕቃ መሆኑን አላወቅኩም ካሉ ያ የፍሬ ነገር ስህተት ነው፣ እንደ ሐረሩ አባት። ዕቃው ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ መያዝ ወንጀል መሆኑን ግን አላወቅኩም ካሉ ያ ሕግ አለማወቅ ነው። ሕግ አለማወቅ በአንቀጽ 81 መከላከያ አይሆንም። በቅን ልቦና መብት አለኝ ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት የነበረው ሰው ግን ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል። አልፎ አልፎም ቅንነቱና አለማወቁ ፍጹም ሆኖ ከተገኘ ላይቀጣ ይችላል። «ሁሉም ሰው ሲይዝ አየሁ» ለዚህ በቂ ምክንያት ይሆናል ብዬ አልዋሽዎትም። የጉምሩክ ሕጉ የተለየ አዋጅ ቢሆንም የወንጀል ሕጉ ጠቅላላ መርሆዎች ለሱም ይሠራሉ፣ አዋጁ ራሱ ሌላ ካላለ በስተቀር፤ ስለዚህ የሐሳብ ክርክሩ ክፍት ነው።

የሚከብደው «የኔ ነው» ማለትዎ ነው። ዐቃቤ ሕጉ «ምንም የማያውቅ ሰው ለምን ይዋሻል?» ይላል። መልስ አለው፤ ፌስታሉ የተሰጥዎት ኬላው አጠገብ ነው፣ ረዳቱ አባብሎዎታል፣ አንድም ሳንቲም አላገኙበትም፣ ከእርስዎ ጋር የነበሩት ተሳፋሪዎችም ተመሳሳይ ፌስታል ይዘዋል። ይህ ሁሉ ግን በማስረጃ ነው የሚቆመው። የአውቶቡሱን ቲኬት አይጣሉ፣ ታርጋውና የተጓዙበት ቀን እሱ ላይ ሊገኝ ይችላል። አጠገብዎ የተቀመጠችውን ሴት ስልኳን ተቀብለው ከሆነ ይደውሉላት፣ ለምስክርነት ትመጣ እንደሆነ ይጠይቋት። ለጠበቃዎም ረዳቱ ያለዎትን ቃል በቃል ይንገሩት፣ ሳይጨምሩ።